በስልክ ሌሊቱ አይበቃንም ነበር፤ አሁን አንድ ቤት ሆነን ቃል ጠፋ

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ አምስት ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ከተመለሰች ሰባት ወር ሆናት። እዛ እያለች በየሌሊቱ በኢሞ እናወራ ነበር። ማዳሟ ስትተኛ ትደውላለች፤ ሌሊቱ አይበቃንም ነበር። ስትመጣ ወዳጃ ተደረገ፣ ዱአ ተደረገ፣ ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው። ሁሉም ሲበተን እኔና እሷ ቀረን፤ ከዚያ ወዲህ ቃል ጠፋ። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምንም" ትላለች። ስደጋግምባት ትበሳጫለች፣ ወይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ስልኳን ግን አትለቅም። ልጃችን ስምንት ዓመቷ ነው። ያሳደገቻት እናቴ ስለሆነች "እማዬ" የምትለው እሷን ነው፤ እናቷን በስሟ ትጠራታለች። በላከችው ብር ቤት ጀምረን ነበር፣ ቆርቆሮ ሳይለብስ ቆሟል። እናቴ "ቶሎ ሌላ ልጅ ውለዱ፣ ይስተካከላል" ትለኛለች። እኔ ግን ፍቅሯ እዛው የቀረ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ይኖር ይሆን? ስልኳን ልፈትሽ?

ምላሽ፦

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። አብሽር።

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ እሱ ለነገ የሚያድር አይደለም። ስልኳን አትፈትሽ። በርብረህ የምታገኘው ግማሽ መልእክት፣ የማታውቀው ስም፣ ከጓደኛዋ ጋር የተሳሳቀችበት ድምፅ ነው። የጎደለውን ጥርጣሬህ ይሞላልሃል። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትነግርህም አታምናትም። ሌላም ነገር አስብ። ሰው ቤት ተቀጥረው ከሠሩ ሴቶች ብዙዎቹ ቦርሳ ሲፈተሽ፣ ስልክ ሲወሰድ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ያንን በገዛ ቤቷ፣ ባንተ እጅ እንዳታየው።

ስልኳን አለመልቀቋን ደግሞ እኔ እንዳንተ አላየውም። ያለፉትን አምስት ዓመታት አብረዋት የኖሩት ሰዎች እዚያ ስልክ ውስጥ ናቸው። የማዳሟን ጠባይ፣ የዚያን ቤት ደረጃ ብዛት፣ የረመዳንን የሥራ ጫና ሳታስረዳቸው የሚገባቸው እነሱ ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን አውርታ የምትግባባው ሰው ያላት አይመስለኝም። ለጊዜው አንተም ጭምር።

ፍቅሯ እዛው ቀርቶ ይሆን ወይ ላልከው፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አየሁት። ፍቅር ማለቁን የሚናገር ነገር አላገኘሁበትም። ልቡ የቆረጠ ሰው ይንቃል፣ ያሾፋል፣ ወይም ጭራሽ ግድ አይሰጠውም። አንተ የጻፍክልኝ ዝምታ፣ ብስጭትና ድካም ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ በስልክ የነበራችሁ ቅርርብ እውነተኛ ነበር፤ ግን ስልኩ በፈጠረላችሁ ሥርዓት የተያዘ ነበር። እሷ ስትመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። በምትኩ ሌላ አልሠራችሁም። "አንድ ጣሪያ ስር ከገባን በራሱ ይመጣል" ብላችሁ ሁለታችሁም ጠበቃችሁ።

እስቲ ያንን የሌሊት ስልክ አስበው። ማዳም ትተኛለች። እሷ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ድምፁን ትቀንሳለች። አንተ ኔትወርክ ፍለጋ ደጅ ትወጣለህ። ለዚያች ሰዓት ስትሉ ሁለታችሁም እንቅልፋችሁን ትሰጣላችሁ። ስልኩ ከተነሳ በኋላ ሌላ ሥራ የለም። "ዛሬ ምን በላሽ? እግርሽ ተሻለሽ? ልጅቷ ምን አለች?" እየተባባላችሁ የቀኑን ጥቃቅን ነገር ትለቃቅማላችሁ። መስመሩ መቼ እንደሚቋረጥ ስለማይታወቅ ለጠብ ጊዜ የለም። ቅር ያለህን ትውጠዋለህ። እሷም እንዳትጨነቅ ብላ የደረሰባትን ሁሉ አትነግርህም።

ይህ በእናንተ ብቻ የሆነ አይደለም። ክሪስታል ጂያንግና ጄፍሪ ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ተራርቀው የሚኖሩ ፍቅረኞችን በአንድ አካባቢ ከሚኖሩት ጋር አነጻጽረው ነበር። የበለጠ መቀራረብ የተሰማቸው የተራራቁት ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ሁለት ነው። የራቁት ስለ ራሳቸው፣ ስለ ስሜታቸው የበለጠ ይናገራሉ። የሌላውን ምላሽ ደግሞ ካለው በላይ አሳምረው ይቀበሉታል። የማታየውን ሰው ጉድለት ሐሳብህ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ በመልካም ነው።

የመገናኘቱን ጊዜ ያጠኑም አሉ። ላውራ ስታፎርድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ተራርቀው ቆይተው አንድ ቦታ ከተሰባሰቡት ፍቅረኞች ሲሶው በሦስት ወር ውስጥ ተለያይተዋል። እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። ትዳር የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ በጅምር የቆመ ቤት የላቸውም። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ቤትህ አታምጣው። ምክንያታቸው ግን ይጠቅምሃል። የራሴ የምለው ጊዜ አጣሁ አሉ። ከሩቅ የማይታይ ጠባይ ታየኝ አሉ። ጭቅጭቅ በዛ አሉ። አንዳንዶቹም ናፍቆቱ ራሱ ናፈቀን አሉ። እንግዲህ ከመራራቅ ወደ መቀራረብ መሸጋገር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሰው ግን ለመለያየት እንጂ ለመገናኘት አይዘጋጅም።

አሁን ደግሞ በእሷ ቦታ ቁም። ከአምስት ዓመት በኋላ የገባችበትን ጓዳ አስበው። በርበሬው የት እንደተቀመጠ አታውቅም። የጀበናውን ቦታ ትጠይቃለች። የልጇ ዩኒፎርም መቼ እንደሚታጠብ የሚያውቁት እናትህ ናቸው። ሪያድ ላይ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ብቻዋን ቆማ ብር አጠራቅማ ለቤተሰብ የላከች ሴት ናት። እዚህ መጥታ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። እንግዳ ሰው ደግሞ ይጠነቀቃል። ብዙ አይናገርም። አንተም እንዲሁ ነህ። አምስት ዓመት እንደ ላጤ ኖረሃል። የምትበላበት ሰዓት፣ የምትተኛበት ቦታ፣ ጫት የምትቅም ከሆነ አብረውህ የሚቀመጡት ሰዎች፣ ሁሉም ያለ እሷ የተደራጀ ነው።

ወደሚደረገው እንግባ።

በመጀመሪያ ያቺን ሰዓት መልሷት። የስልኳን ሰዓት ማለቴ ነው። ከዒሻ በኋላ፣ ልጅቷ ስትተኛ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሁለቱም ስልኮች ሌላ ክፍል ይደሩ። ያንተ በመጀመሪያ። የቡናውን ሰዓት ለዚህ አትጠቀምበት። እኛ ወሎ ውስጥ ቡና ሲፈላ በሩ ክፍት ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤቱ ይመጣል፣ ይመረቃል፣ ይጫወታል። ያ ሰዓት የሰፈሩ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የሁለት ሰው ሰዓት ነው።

ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ ጎን ለጎን ሁኑ። ፍጥጥ ብሎ መተያየት ለጊዜው ምርመራ ይመስላታል። ከዚያ ድሮ በስልክ የምትጠይቃትን ጠይቃት። ዛሬ ምን በላሽ? ማን መጣ? የቱ ሰዓት ነው ቀኑ የረዘመብሽ? አንተም ስለ ጋራዡ አውራላት፤ የመጣውን ሲኖትራክ፣ ያናደደህን ደንበኛ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ቤቱ ግንባታ፣ ስለ እናትህ፣ ስለ ልጅቷ ጉዳይ በዚያች ሰዓት አይነሳ። የሚነሳበት ሌላ ጊዜ አለው፤ እመጣበታለሁ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ ላይ በአጭሩ መልሳ ዝም ልትል ትችላለች። አትዘንባት። ነገም ተቀመጥ። ሰው የሚያምነው የተደጋገመ ነገርን ነው።

ከዚያች ሰዓት ውጪ ያለው ቀን ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ መኖሪያ ቤት የተሰናዳ ክፍል ነበረው። አዲስ ተጋቢዎች እዚያ ውለው ምግብ ሲሠሩ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ሲያወሩ በካሜራ ይቀረጻሉ። እሱ የሚፈልገው ትልቁን ጠብ ብቻ አልነበረም። አንዱ ትንሽ ነገር ሲናገር ሌላው ምን ያደርጋል የሚለውንም ይከታተል ነበር። "ውይ፣ ያቺን ወፍ እያት" ሲል ሚስቱ ቀና ትላለች ወይስ አትልም? ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲታዩ፣ በትዳር የቆዩት ለእንዲህ ያለው ጥሪ ከመቶ 86 ጊዜ ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ናቸው። የተፋቱት ምላሽ ይሰጡ የነበረው ከመቶ 33 ጊዜ ነው።

ይህን ወደ ቤትህ ላምጣው። ባለቤትህ ከገበያ ገብታ "ሽንኩርቱ ደግሞ እንዴት ነው የተወደደው!" ብትል፣ አንተ ከስልክህ ቀና ሳትል "እህ" ብትላት፣ አንዲት ጥሪ ሳትመለስ ቀረች። ስለ ሽንኩርት እያወራች እንዳይመስልህ። "አለህ ወይ?" እያለችህ ነው። ይኸው አረፍተ ነገር በኢሞ ቢመጣ ኖሮ "እዛስ ስንት ነው? እዚህ እኮ ባለፈው…" ብለህ ሩብ ሰዓት ታወራበት ነበር። ቤት ውስጥ ዋጋ ያጣው ነገሩ ሳይሆን ጆሮ ነው። እሷም ላንተ ጥሪ እንዲሁ እያደረገች ይሆናል፤ አንዱ ቀድሞ መጀመር ስላለበት ግን ጠያቂው አንተ ነህና ላንተ ሰጠሁህ።

ደስታዋንም እንደ ችግሯ ስማ። ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ላይ፣ ሰው መልካም ዜና ሲያመጣ ፍቅረኛው የሚሰጠው ምላሽ ስለ ግንኙነቱ ጤና የሚናገረው፣ ክፉ ዜና ሲያመጣ ከሚሰጠው ምላሽ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ነገ "አንዲት ጓደኛዬ ልብስ ቤት ልትከፍት ነው፣ አብረን እንሥራ አለችኝ" ብትልህ "ኪራዩን ማን ይችለዋል?" ብለህ አትጀምር። ኪራዩ ይደርሳል። መጀመሪያ "እስቲ ንገሪኝ፣ የት አካባቢ?" በላት።

"ምን ሆንሽ?" የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተወው። ጋራዥ መኪና ሲገባ "ምን ሆነ?" ብለህ መጀመርህ ልክ ነው፤ ሰው ግን እንዲህ ሲጠየቅ የተበላሸ ይመስለዋል። እናንተ የገባችሁበትን አዙሪት አንድሪው ክሪስቴንሰንና ክሪስቶፈር ሄቪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሥራ በደንብ አሳይተውታል። አንዱ ይጠይቃል፣ ይጫናል፤ ሌላው ይሸሻል። በሸሸ ቁጥር ጠያቂው ይጨነቅና ይበልጥ ይጫናል። በተጫነ ቁጥር ሸሺው ይበልጥ ይሸሻል። ጠያቂው "እሷ ዝም ስለምትል ነው የምጠይቃት" ይላል። ዝም ያለችው "ስለሚጨቀጭቀኝ ነው ዝም የምለው" ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ዝም የሚል ሰው ውስጡም ዝም ያለ እንዳይመስልህ። የጎትማን ቡድን ሰዎችን ከመለኪያ ጋር አያይዞ ሲያጨቃጭቅ እንዳየው፣ የአንዳንዱ ልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ይወጣል። እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰው ጥሩ ቃል መምረጥ አይችልም፣ የሚባለውንም በቅጡ አይሰማም። ሰውነቱ እስኪረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ሌላ ጥያቄ አትጨምር። "እሺ፣ አሁን ይቅር። ነገ ማታ ሻያችን ላይ አለሁ" ብለህ ተው። ግን ነገ ማታ ተገኝ። ቃል ገብቶ መቅረት ከጭቅጭቁ ይብሳል።

በጥያቄው ፋንታ የራስህን ስሜት ስጣት። አንተ ለኔ "ፍቅሯ እዛው የቀረ ይመስለኛል" ብለህ ጻፍክ። ለእሷ ግን ያልካት "ምን ሆንሽ?" ነው። ከዚህ ጀርባ ያለው ፍርሃት እሷ ጋ አልደረሰም። የደረሳት ቁጣ መሳይ ጥያቄ ነው። "እዚሁ አጠገቤ ሆነሽ ናፍቀሽኛል" ብትላትስ? ይህን መናገር ለአንድ የወሎ ወንድ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በስልክ ግን ትለው ነበር፤ አፍህ ያውቀዋል።

አሁን በአንድ መስመር ወዳለፍከው ነገር ልምጣ። "በላከችው ብር ቤት ጀምረን ነበር፣ ቆርቆሮ ሳይለብስ ቆሟል።" ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። አምስት ዓመት ወለል ስትወለውል፣ እንቅልፍ ሲያጥራት፣ ሲሰድቧት "ግድ የለም፣ ቤት እየተሠራልኝ ነው" እያለች የቆየችበት ነገር ነው። ፎቶ ልከህላት ይሆናል። ስትመጣ ያየችው ግድግዳና ሰማይ ነው። ገንዘቡን አጠፋህ እያልኩ አይደለም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁሉም ያውቃል። ለልጅ፣ ለሕመም፣ ለለቅሶም ወጥቶ ይሆናል። ግን እሷ ይህን አታውቅም። "ብሩ የት ገባ?" ብላ አለመጠየቋም ጥሩ ምልክት አይደለም። ብዙ ሴቶች ይህን ጥያቄ የሚውጡት ባሌን የተጠራጠርኩ ይመስላል፣ አማቴን የወነጀልኩ ይመስላል ብለው ነው። የተዋጠ ጥያቄ ማታ አልጋ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ ሳትጠይቅህ አንተ ቅደም። ከዚያች የሻይ ሰዓት የተለየ፣ የእረፍት ቀን ምረጥ። ደብተር ያዝ። የላከችውን፣ የወጣውን፣ ለምን እንደወጣ ጻፍ። የማታስታውሰውን "ይህን አላስታውስም" ብለህ ጻፈው፤ አትፍጠር። ከተቻለ ጅምሩ ቤት ድረስ ሄዳችሁ እዚያው ብሎኬት ላይ ተቀምጣችሁ አሳያት። ልታለቅስ ትችላለች። ልትቆጣም ትችላለች። ያን ጊዜ "እኔስ ልጅ ይዤ የተንከራተትኩት?" የሚለው መልስ ምላስህ ጫፍ ላይ ይመጣል። ያዘው። ያንተም ድካም ተራው አለው፣ የዚያን ቀን ግን አይደለም። የዚያን ቀን "ልፋትሽ ነው ይሄ፤ በዚህ መልክ ስላገኘሽው አዝናለሁ" በላት። ከዚያ ቆርቆሮው እንዴት ይለብሳል የሚለውን አብራችሁ አስሉ። ከአሁን በኋላ የሚወጣውን እሷም ትያዘው።

የልጅቷ ነገር ሌላው ቁስል ነው። እናት ልጇ በስሟ ስትጠራት የሚሰማትን ለማስረዳት ቃል አልፈልግም። ልጅቷ ግን ጥፋት የለባትም። እንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ጄምስ ሮበርትሰንና ጆን ቦልቢ በሐያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ሆስፒታል ተኝተው ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን ሲከታተሉ ያዩት ነገር አለ። ሕፃኑ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይፈልጋል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል። በመጨረሻ የተረጋጋ ይመስላል፤ እናቱ ስትመጣ ግን እንደማያውቃት ፊቱን ያዞርባታል። የዞረው ስላልወደዳት አይደለም። ስላመመው ነው። ያንተ ልጅ እናቷ ስትሄድ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። ያቀፏትን እናትህን "እማዬ" አለች። እንኳን አለች፤ የምትጠጋበት ሰው ነበራት ማለት ነው።

"እማዬ በያት" ብለህ አታስገድዳት። በቃል ፋንታ ሥራ ስጣቸው። የእናቷ ብቻ የሆነ የዕለት ነገር ይኑር፤ ጠዋት ፀጉሯን መሥራት፣ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ማታ የቤት ሥራ ማየት። እናትህ በዚያ አይግቡ። ይህን ለእናትህ የምትነግራቸው አንተ ነህ እንጂ ባለቤትህ አይደለችም። እሷ ከተናገረች የአማትና የምራት ጠብ ይሆናል። በትሕትና አነጋግራቸው። "እማ፣ አንቺ ባትኖሪ ልጄን ማን ያሳድግልኝ ነበር? አሁን ደግሞ ለእናቷ መንገድ ክፈቺላት" በላቸው። የሚመሰገኑበትን አመስግነህ ካልጀመርክ የተባረሩ ይመስላቸዋል፤ እውነትም እሳቸውም የሚያጡት ነገር አለ። አምስት ዓመት ያቀፏትን ልጅ ነው።

ስለ አልጋው ጉዳይ በጥንቃቄ ልናገር። ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯን ብቻ ጻፍክልኝ፣ የቀረውን እገምታለሁ። አምስት ዓመት ብቻዋን፣ ምናልባትም ጥሪ ይመጣል ብላ በአንድ ጆሮዋ ነቅታ የተኛች ሴት ናት። ሰውነት በአውሮፕላን አይመለስም፤ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህ የከበደ ነገርም ሊኖር ይችላል። ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ላይ ድብደባም፣ ወሲባዊ ጥቃትም እንደሚደርስ የታወቀ ነው። በእሷ ላይ ደርሷል እያልኩ አይደለም። ደርሶ ከሆነ ግን "እዛ ምን አደረጉሽ?" ተብላ ተጠይቃ አትናገርም። የምትናገረው ብትናገር እንደማትፈርድባት፣ እንደማትጸየፋት ስታውቅ ነው። የሌላ ሴት ወሬ ሲነሳ የምትናገረውን ትሰማለች። "ራሷ ፈልጋ ነው" ያልክ ቀን በሩን ዘጋህ።

እስከዚያ ወደ ሌላ ነገር የማያመራ መነካካት ይኑር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄምስ ኮንና ባልደረቦቹ 16 ያገቡ ሴቶችን የአንጎል ምርመራ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው፣ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመጣ ይችላል እያሉ አንጎላቸውን አዩ። የባላቸውን እጅ ሲይዙ፣ አደጋ ሲሰማው የሚነሳው የአንጎል ክፍል ረገብ አለ። ትዳራቸው ጥሩ በሆነው ላይ ይበልጥ ረገበ። ስለዚህ ሻይ ስትጠጡ እጇን ያዝ፣ ከፈቀደች። ይዘህ ተው። እጅ መያዝ ሁሉ ወደ አልጋ የሚወስድ ከሆነ እጇንም መስጠት ታቆማለች። ካልፈለገች ደግሞ አትንካት። ሚስትህ መሆኗ "እምቢ" የማለት መብቷን አይወስድባትም።

ሌላ ልጅ ይስተካከላል ያሉት እናትህ በቅንነት ነው፤ ብዙ ወላጅ እንዲህ ይላል። እኔ ግን አሁን አይሆንም ባይ ነኝ። ልጅ ሲወለድ የትዳር እርካታ በአብዛኛው ጥንዶች ላይ ለጊዜው እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል። እንቅልፍ ያጥራል፣ ወጪ ይጨምራል፣ የሁለት ሰው ጊዜ ይጠፋል። በደህናው ጊዜ የሚፈትን ነገር በዚህ ላይ አይጨመርም። ደግሞም ይህን ከእናትህ ጋር ከመማከርህ በፊት ከእሷ ጋር ልትነጋገርበት ይገባል። ምናልባት ገና ከመጀመሪያ ልጇ ጋር እየተዋወቀች ነው።

ሽማግሌ ልላክ ብለህ ሳታስብ አትቀርም። የኛ አገር ሽማግሌ ተበዳይና በዳይ ያለበትን ነገር ሲፈታ የሚተካከለው የለም፤ እናንተ ጋ ግን እስካሁን በዳይ የለም። ሽማግሌ ሲቀመጥ እሷ ተከሳሽ ትሆናለች። ይቆይ። ይልቅ አንድ እሑድ ልጅቷን ለአያቷ ትታችሁ ሐይቅ ድረስ ሂዱና ዳር ተቀምጣችሁ ዓሣ ብሉ። ቤቱ ውስጥ ሁለታችሁም የየራሳችሁ ቦታ ተይዞባችኋል፤ ውጪ ላይ እኩል እንግዳ ናችሁ።

ይህን ሁሉ አድርገህ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ትንሽ ለውጥ ካላየህ፣ ወይም ከዚህ በታች የምላቸውን ካየህ፣ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ሌሊት እየጮኸች ወይም እየባነነች የምትነሳ ከሆነ። ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነግጣት ከሆነ። ምግብና እንቅልፍ ካጣች፣ ከሰው ሁሉ ከራቀች፣ ልጇን እንኳን ማየት ካስጠላት። "ባልመጣ ይሻል ነበር"፣ "ብሞት ይሻለኛል" ዓይነት ቃል ከሰማህ አንድ ቀን አትቆይ፣ ብቻዋንም አትተዋት። ደሴ ላይ ሪፈራል ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ዱአው ይቀጥል፤ ዱአና ሕክምና አይጣሉም። "አብደሻል" እያልክ ሳይሆን "ደክሞሻል፣ አብሬሽ ልሂድ" ብለህ ውሰዳት። በሩ ድረስ አድርሰህ አትመለስ፤ እስክትወጣ ጠብቃት። የነገረቻቸውን ግን አትጠይቃት። ሊነገርህ የሚገባውን፣ ስትችል ራሷ ትነግርሃለች።

እሷ አልሄድም ካለች አንተ ብቻህን ሂድ። ጥንዶች ሁለቱም ካልመጡ አይሆንም የሚባለው ልክ አይደለም። ከላይ የነገርኩህ አዙሪት አንዱ ሲያቆም ሌላውም መሮጡን ይቀንሳል። አንተም ደግሞ አምስት ዓመት ልጅ ይዘህ ብቻህን ቆይተሃል፤ ያንን ደብዳቤህ ውስጥ አንድም ቦታ አላነሳኸውም። የሚሰማህ ሰው ላንተም ያስፈልግሃል።